ሳላውቅ የጻፍኩት የሮክ ግጥም

ሐመልማልዬ፣

በሐዋሳ ሜዳ ብስክሌት የለመደ እግሬ የቁስቋምን ዳገት ሲወጣ እንደ አሮጌ ማኪና አጉረመረመ። የወጣሁት ከካሴት ዘመን ጀምሮ ሮክ ሲጽፉና ሲዘፍኑ የኖሩትን ጋሽ ሶሬሳን ለመጽሔታችን ላነጋግር ነው። ከሃያ ዓመት በፊት በዓምዴ ላይ «ይኼ ሰውዬ ጊታሩን ሰቅሎ ይረፍ፣ እኛንም ያሳርፈን» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ረስተውት ይሆናል ብዬ ነበር።

እሳቸው እንኳን ሊረሱት፣ ቃል በቃል ዜማ ሠርተውለታል። በካሴት ወጥቶ ሰሚ ያጣ፣ በሲዲም ወጥቶ ሰሚ ያጣ ዘፈን፣ አሁን የልጅ ልጃቸው ቲክቶክ ላይ ብትለቀው አገር እየዘፈነው ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዕድሜዬ ከጻፍኩት ሁሉ ያማረው እሱ ነው።

«እንደገና ልናወጣው ነው። ግጥም በሚለው ቦታ ስምሽን ላስገባ ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

«ሰዉ ማን እንደሰደበዎት ያውቃል እኮ፣ ጋሽዬ።»

«ይወቅ። ደህና ግጥም ያገኘሁት ስትሰድቢኝ ነው።»

ማፈር ሲገባኝ ስሜን ከነአያቴ አስጻፍኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። መሳይንና ልጆቹን ሳሚልኝ። እናቴንም ሳሚልኝ፤ ዘፈኑን ግን እንዳታሰሚያት፣ ትልቅ ሰው ሰደብሽ ብላ ቤት አታስገባኝም።