የፌንጣዋ ዓይንና የዘነቡ አውራ ጣት

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1979

ዛሬም አመለጠችኝ። ፌንጣ ሙሽራ አይደለችም፤ «አገጭ ቀና፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ብትላት አትሰማም። ደሴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ፎቶ ሳነሳ ኖሬ፣ አሶሳ ሰፈራ መጥቼ በሰባ አንድ ዓመቴ እንደገና ጀማሪ ሆንኩ።

ባለፈው ሳምንት የካሜራዬን ሌንስ ፈትቼ ስጠርግ ገልብጬ ጉንዳን አየሁበት። ሙክት አክላ ታየችኝ! ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈትቻለሁ። ሌንሱን ገልብጬ ካሜራው አፍ ላይ በብስክሌት ከመነዳሪ ጠፍሬ አስራለሁ። እስካሁን የገባኝ፦

የሌንሱን ቀለበት ማዞር ከንቱ ነው፤ ወደፊትና ወደኋላ የሚለው የራስህ ገላ ነው።
ከተነፈስክ አለቀልህ።
ዓይኗ ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል። ሁሉንም ልያዝ ካልክ ሁሉንም ታጣለህ።

የልጅ ልጄ የሺ ሣር ውስጥ ተንበርክኬ አይታኝ «አባባ፣ ለማን ነው የሚሰግዱት?» አለችኝ። «ባል እንዲሰጥሽ ነው» አልኳት። ጥላኝ ገባች።

ፊልሙ ስድስት ይቀረዋል።

ማክሰኞ

ሐሚድ ጉድ አደረገኝ። የበርታ ሰው ነው፤ እኛ ሳንመጣ እዚሁ የነበረ፣ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ጎረቤታችን። በቀትር ፌንጣ ሳባርር አገኘኝና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ ለምን ትሮጣለህ? ጠዋት ና። ጠዋት ብርድ አለ፣ እሱ እግር የለውም። ፀሐይ መጣ፣ ሮጠ።»

«አንተ ደግሞ ከፌንጣ ጋር ጠዋት ምን አገናኘህ?»

«ወላሂ፣ እኔ ንብ አለኝ። ንብም ጠዋት ሰነፍ ነው፣ እንዳንተ።»

ሽማግሌ እንዲህ ይሰደባል?

ረቡዕ

ያዝኳት! ሐሚድ እውነቱን ነው። ጎህ ሲቀድ ማሽላው ቅጠል ላይ ደርቃ ተቀምጣለች፤ ጤዛው ዓይኗ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል። በሆዴ ተኛሁ፣ ክርኔን መሬት ተከልኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ። ፊቷ ረዥም፣ የፈረስ ፊት። አፏ ወደ ጎን ነው የሚያኝከው። ሦስት ጊዜ አነሳኋት። ሸሚዜ በስብሶ፣ ወገቤ ተቆልምሞ፣ እያፏጨሁ ገባሁ።

ደስታዬ እስከ ምሳ ነው የቆየው። ጎረቤቴ ዘነቡ ከወሎ ደብዳቤ ደርሷት የሺ አነበበችላት። ልጇ ደብሬ ናት፦ «እናቴ መሞቷን ሰምቻለሁ። በስሟ እየጻፋችሁ አታስለቅሱኝ። በጥር ያለኝን አንድ በሬ አርጄ ተዝካሯን አወጣለሁ።»

ዘነቡ መጀመሪያ ሳቀች። «ተዝካሬን እኔ ሳልቀምሰው!» አለች። ቀጥላ፣ «ያለዚያ በሬ በምን ታርሳለች?»

ባለፈው አንድ የአገር ሰው ሄዶ ደብሬን «እናትሽ በሕይወት አለች» ብሏት ነበር፤ «ሊያጽናኑኝ ልከውህ ነው» ብላ አላመነችም። ደብዳቤውንም ዘነቡ ራሷ አትጽፈው፤ ልጇ በምን ታውቀዋለች? የመንደራችን ጤና ረዳት ቅዳሜ በፈቃድ ወደ ወሎ ይሄዳል። «ፊትሽን ነገ አነሳልሻለሁ፤ አሶሳ አሳጥቦ ይዞላት ይሂድ» አልኳት። እጄን ሳመችኝ።

ሐሙስ

ምነው በቀረብኝ። ለዘነቡ ብዬ ሌንሱን ወደ ትክክለኛ ቦታው ልመልስ ብል አልዞር አለ። ለካ ሲፈታ ሲታሰር አሸዋ ገብቶበታል። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ አጥብቄ አዞርኩት። የመግጠሚያው ጥርስ ተበላ። በከመነዳሪ ባስረውም ሁሉም ጭጋግ ነው። ገልብጬ ሳስረው ብቻ ይጠራል፤ ያኔም የሚያየው አንድ አውራ ጣት የምታክል ነገር ነው።

ዘነቡ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን አጥባ መጣች። «ዛሬ ደመና ነው» አልኳት። አንዲት ደመና የለም። ቀና ብላ ሰማዩን አየችና ተመለሰች።

በሰው በማሾፍ የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ የዋሸሁት ውሸት አላሳቀኝም።

ዓርብ፣ አቦ

ማለዳ ቤቷ ሄጄ ተናዘዝኩ።

«ዘነቡ፣ ካሜራዬን ፌንጣ ሳሳድድ ገደልኩት። ከእንግዲህ ፊት አያይም። ከጣት የበለጠ አይገባበትም።»

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ይገባኛልም።

«ጣት ያያል?»

«ጣትማ ያያል።»

የግራ አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ወደ ጎን ተጣሟል፣ ጥፍሩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቋል። «ደብሬ ስድስት ዓመቷ ሳለ የወፍጮውን መጅ ጣለችብኝ። አባቷ እንዳይመታት ‹እኔው ነኝ› አልኩላት። ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ፊቴንማ ተዉት አያ ካሳ፤ ጥርሴ ረግፎ እኔም አላውቀው።»

ደጃፏ ላይ ጣቷን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። እኔ በሆዴ ተኛሁ።

«እንዳትንቀሳቀሺ።»

«አንቱ ነዎት የሚንቀሳቀሱት!»

እውነቷን ነው፤ ክርኔን መሬት ተከልኩ። ጠበቅኩ። ቀስ ብዬ በደረቴ ተጠጋሁ። ስንጥቁ መጣ፣ ጠፋ፣ መጣ። ቆዳዋ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ነው። ሠላሳ ዓመት ፊት ሳነሳ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። የቀሩኝን ሦስቱንም ጨረስኩ።

ቅዳሜ፣ ቁስቋም

ጤና ረዳቱ ፊልሙን በመሐረብ ቋጥሮ ሄደ። ዘነቡ የሺን «ደብሬ ሆይ፣ ይህ መጅ የወደቀበት ጣት ነው፤ አባትሽ አልሰማም» ብላ አስጻፈቻት፤ ወረቀቱን አብሬ ሰጠሁት።

የጽጌ ጾም ተፈቶ ዘነቡ እኛ ቤት በላች። «ከእንግዲህማ የምሬን ብሞትም ደብሬ አታምንም» ብላ የሺን በሳቅ ገደለቻት። እኔም ሳቅኩ።

ከጣቷ ሦስት ፎቶዎች የመጀመሪያዋ ተበላሽታለች፣ አውቃለሁ። ሁለተኛዋን እንጃ። ሦስተኛዋ ላይ ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ነበር፤ ቁልፉን ስጫነው ግን ተንፍሼ እንደሆነ፣ ሳልተነፍስ እንደሆነ፣ ይኸው እስካሁን አላስታውስም።