ቀለም የተቀባው ሐዲድና የኃይለመስቀል ጥፋት

ለተከበሩ አቶ ደምመላሽ
የቴክኖሎጂ ማስፋፊያ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቦንጋ

ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ዋና፣ ንዑስና ጊዜያዊ ኮሚቴዎችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ፣ በዚህ ከተማ ደኅና የሚሠራ ነገር ሁሉ ሳይበላሽ ሊውል ነውና።

እኔ በዛወርቅ ገብረወልድ የተባልኩ፣ እዚሁ ቦንጋ በቴክኒክ ኮሌጁ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ፣ አላፊ አግዳሚው አንብቦ ቢነግርልኝ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሲዘጋ ስድስት ትንንሽ የሞዴል ባቡሮች፣ አንድ ካርቶን ሐዲድና አንድ ዲጂታል ማዘዣ ሣጥን ትቶልን ሄደ። የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን ኃይለመስቀል ሐዲዱን በሁለት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ቦንጋን፣ ሺሺንዳንና ቢታ ገነትን ከቀርከሃ በተሠሩ ጣቢያዎች አገናኘልን። እውነተኛው ባቡር ወደ ከፋ የሚመጣበትን ዘመን ፈጣሪ ስለሚያውቅ፣ እኛ በዚህኛው እያስተማርን ቆየን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሁለቱ የሐዲድ ብረቶች ኮረንቲውንም ትእዛዙንም ይሸከማሉ፣ እያንዳንዱ ባቡር የየራሱ ቁጥር አለው፣ ሣጥኑ ሦስት ቁጥርን ሲጠራ ሦስት ቁጥር ብቻ ይነሣል። መንኮራኩሩ ባዶ ብረት ካልነካ ግን ኮረንቲም የለም፣ ትእዛዝም የለም። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ ያውቁታል።

መጋቢት ላይ የክልል እንግዶች ሲመጡ ባቡሩ አልንቀሳቀስ አለ። በዚህም ምክንያት ኃይለመስቀል ጥፋተኛ ተብሎ፣ የንብረት ክፍል ረዳት ሆኖ ከዚህ ርቃ በምትገኘው በደካ ከተማ እንዲሠራ ተወስኖበታል፤ ሰኞ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ባለቤቱ የመውለጃ ወሯ ገብቷል፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው፣ እዚህ ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። የምለምንዎ ይህ ውሳኔ እንዲሻር ነው። ይልቁንም መመስገን የሚገባው ማን እንደሆነ እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

1ኛ. በጉብኝቱ ዋዜማ ጠዋት ወደ ላቦራቶሪያችን ብቅ ብለው፣ ባቡሮቹ ተበታትነው የሚሄዱት አደረጃጀት ስለሌላቸው ነው በማለት፣ በአንድ ለአምስት እንዲዋቀሩና ስድስቱም አንድ ቁጥር እንዲሰጣቸው ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ቁጥር ሲጠራ ስድስቱ በአንድነት ሊነሡ ሲሉ ሣጥኑ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ቀይ መብራት አብርቶ ኮረንቲውን ቆረጠ። ኃይለመስቀል ሣጥኑ ራሱን ከቃጠሎ ሊያድን እንደሆነ በትሕትና ቢያስረዳ፣ ሣጥኑንም ቢሆን ማንቃት እንደሚያስፈልግ መለሱለት። ባቡርን በአንድ ለአምስት ያዋቀረ ሰው ከእርስዎ በፊት መኖሩን አልሰማሁም።

2ኛ. በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሐዲዱ ግራጫ ስለሆነ ለእንግዳ ዓይን አይመችም ብለው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ስላስቀቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቀለሙን የሸጠው አብዱልቃድር የሱቁ ደንበኛ ለሆንኩት ለእኔ እንደነገረኝ፣ ይህ ለበርና ለመስኮት ነው፣ የተቀባ ብረት ላይ ውኃ እንኳ አይደርስም ብሎ ለላኩት ሰው አስረድቶት ነበር። ኮረንቲም አልደረሰም። ቀቢው ግን በጣም ጠንቃቃ ነበር፤ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ አልዘለለም።

3ኛ. በማግስቱ የሣጥኑ አረንጓዴ መብራት እየበራ ባቡሩ ሲቆም፣ ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ሁለት ቀን ሙሉ ተሰበሰበ። በእነዚህ ሁለት ቀናት መለኪያ ያነሣ፣ ሐዲዱን በጥፍሩ የፋቀ፣ ወይም ጎንበስ ብሎ ያየ አንድም አባል አልነበረም። ሣጥኑ መብራት ስላለው ጤነኛ ነው፣ ስለዚህ ችግሩ የሰውየው አመለካከት ነው ተባለ፤ ክፍሉም ታሸገ። አባቶቻችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ያሉት ይህን ይመስለኛል።

4ኛ. ግምገማው። እዚህ ላይ ምስጋናው ስለሚያንቀኝ በግልጽ ልናገር። እርስዎ እንደሚያውቁት በግምገማ ላይ ግለ ሂስ ያላደረገ ሰው ትዕቢተኛ ይባላል፤ ጥፋት የሌለበትም ቢሆን ፈልጎ አንድ ማምጣት አለበት። ኃይለመስቀል ሰው አክባሪ ስለሆነ፣ አለቆቹን ከመክሰስ ብሎ፣ ሐዲዱ ሲቀባ አስቀድሜ ባለማስቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ይህ ለእርስዎ ክብር የተነገረ ቃል ነበር። እርስዎ ግን የእምነት ቃል ብለው በቃለ ጉባኤ አስጻፉት፣ አስፈረሙበትም። አንድን ሰው በጥፋቱ መቅጣት ያለ ነው፤ በጨዋነቱ መቅጣት ግን አስጸያፊ ነው፣ እኔም ተጸይፌዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሐሙስ ዕለት በቲነርና በጨርቅ ቀለሙን ከሐዲዱ ላይ አነሣሁ። ባቡሮቹን አንድ በአንድ ለብቻው በተለየ አጭር መሞከሪያ ሐዲድ ላይ እያስቀመጥኩ የየራሳቸውን ቁጥር መለስኩላቸው። በሦስቱም ጣቢያዎች ኮረንቲውን ለካሁ። ሥራው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ኮሚቴ አላስፈለገም። ከዚያ ሦስት ቁጥርን ጠራሁት፣ ከቦንጋ ተነሥቶ በሺሺንዳ በኩል ቢታ ገነት ደረሰ፣ ተመለሰም። አርባ ሁለት ተማሪዎች ቆመው አይተዋል፤ ስማቸውንና ፊርማቸውን አያይዣለሁ። እንግዲህ ብልሽቱ የት እንደነበረ በጽሑፍ ቀርቦልዎታል፤ የቀረው በኃይለመስቀል ላይ የጻፉትን መሻር ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎ ወረቀቱን ቢለቁ ግማሹን ተረት ያስተባብላሉ።

ለቅን አመራርዎ፣ ለምጡቅ ቴክኒካዊ እይታዎና ለቀለም ምርጫዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ከተነሡም ወደ ላቦራቶሪያችን ሳይመጡ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ ለመሆን ብዙ ሞክራ ያልተሳካላት
በዛወርቅ ገብረወልድ
የኤሌክትሪክ አስተማሪ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው

ማሳሰቢያ፦ የክፍሉን ማሸጊያ ያለ ፈቃድ የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ኃይለመስቀል በትሕትና ሳይሆን በእውነት አጥፍቻለሁ። ሰኞ ወደ ደካ የሚሄደው አውቶቡስ ያለ ጥፋተኛ እንዳይነሣ ከሰጉ የእኔን ስም ይጻፉበት፤ እኔ ምጥ የምትጠብቅ ሚስት የለችኝም።