ከእናታችን ነጠላ የተቀደደው ጥለት

ውድ እህቴ ብሩክታይት፣

ስደውል ስለማታነሺ ይህን በፎቶ አንሺዋ በሄርሞን እጅ ልኬልሻለሁ። ቡልቡላ የተከራየሽበትን ቤት እሷ ታውቀዋለች፤ እኔ እህትሽ አላውቀውም።

ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን ስታነሳ ከርማ፣ ላምበረት ሱቄ መጥታ ያነሳችን ፎቶ ቦሌ ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ተመርጧል። አንቺ ከፊት ሻንጣሽ ላይ ተቀምጠሽ፣ እጅጌሽን ሰብስበሽ፣ ቤይሩት ሳለሽ የተቃጠለው ክንድሽ ይታያል። እኔ ከኋላ በተደረደሩት የሽያጭ ሻንጣዎች መካከል ቆሜያለሁ። ሁለታችንም የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ካልፈረምን አይሰቀልም። አንቺ ወዲያው ፈረምሽ።

"ነገ ባል የምታገቢ ልጅ ነሽ፤ ሰው ምን ይላል?" አልኩሽ።

"ክንዱ የኔ፣ ፊቱም የኔ። አንቺን ምን አሳፈረሽ?"

ጎረቤቴ ሱልጣን እንደ ልማዱ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "አፀደ፣ ፈርሚ እንጂ! ለሻንጣሽ ነጻ ማስታወቂያ እኮ ነው!" አለ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩ። ያን ዕለት ልብስሽን ይዘሽ ከቤቴ ወጣሽ።

እውነቱን ልንገርሽ። ለትዳርሽ አልነበረም የፈራሁት። ሱልጣን በቀልድ ያለውን ነው። ዓረብ አገር ልትሄድ ከወሎ አውቶቡስ የምትወርድ ልጅ መጀመሪያ የምትገባው እኔ ጋ ነው። ሻንጣዋን ትመርጣለች፤ እኔም ኤርፖርት ላይ ከሌላው እንዳይቀላቀልባት እጀታው ላይ የጨርቅ ቁራጭ አስሬ "በሰላም ግቢ" ብዬ እሸኛታለሁ። ያንቺን ክንድና የኔን ሻንጣዎች አንድ ላይ ያየ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። አስቤዋለሁና። "ሂጂ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት" ያልኩሽ እኔ ነበርኩ። የሄድሽ ቀን የሽያጭ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት "ሰማያዊው ትልቁ ሻንጣ ወጣ" ብቻ ነው። ስምሽን አልጻፍኩም።

ትናንት ሄርሞን ተመልሳ መጣች። "እትዬ አፀደ፣ ይፈርሙ አልልም፤ አንዴ ብቻ ይዩት" ብላ በትልቁ ያሳተመችውን ዘረጋችልኝ። በስልኳ ሳየው ያመለጠኝን አየሁ። የተቀመጥሽበት ያው ሰማያዊው ነው። እጀታው ላይ ከእናታችን ነጠላ ቀድጄ ያሰርኩልሽ አረንጓዴ ጥለት አሁንም አለ። እኔ ያሰርኩት ለኤርፖርት ነበር፤ አንቺ ሁለት ዓመት ያልኩሽ አራት ሲሆን እንኳ አልፈታሽውም። መሐሉ ላይ እኔ ያላሰርኩት ቋጠሮ አለ። ሲበጠስ መልሰሽ ቀጥለሽዋል።

ፈረምኩ። ከሥሩ ምን እንጻፍ ብትለኝ፣ "ብሩክታይት፣ ከቤይሩት የተመለሰች። አፀደ፣ ሻንጣውን አዘጋጅታ የሸኘቻት እህቷ" ብዬ በእጄ ጻፍኩላት።

ሱቁን አልዘጋም፤ እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል። አንቺ ከፈቀድሽ ግን ለፎቶው አንድ ቅጂ ቦታ ለቅቄያለሁ፤ ሻንጣ የምትመርጥ ልጅ ቀና ስትል የምታየው ግድግዳ ላይ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ቦሌ ፎቶው አጠገብ እቆማለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ። አንቺ ከመጣሽ ግን መጀመሪያ አንቺ ጠይቂኝ።

ፎቶው ላይ ከኋላሽ የቆምኩት፣
እህትሽ አፀደ