በፊልም ግርጌ የኖሩት የወይዘሮ ኢንሳፍ ቡጥሮስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኢንሳፍ ቡጥሮስ የሞቱት በጉበት ካንሰር ነው። ቤተሰቡ ግን እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ «የጨጓራ ቁስለት ነው» እያለ ዋሽቷቸዋል። እኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለታማሚው በስሙ አይነገርም። እሳቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ አፍ በሚናገረውና ከሥር በሚጻፈው መካከል ያለውን ልዩነት ሲያዩ የኖሩ ሴት ነበሩ።

ኢንሳፍ ከአባታቸው ከአቶ ቡጥሮስ ሐናና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማቲልዳ ሰሊብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር ተወለዱ። በመነኮሳት ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተማሩ፤ በ1966 ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው የውጭ ፊልሞችን ንግግር በዓረብኛ ተርጉሞ ከግርጌያቸው በሚያትም ድርጅት በተርጓሚነት ተቀጠሩ። በ1971 ፋርማሲስቱን አቶ ፋይዝ ናሺድን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ኢሪኒን ወለዱ።

ሥራቸው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሰው ከንፈር ማየት ነበር። በሳንሱር ፊት ወይን ጠጅ ጭማቂ ይሆናል፤ ወንበዴም እንደ ሰዋስው መምህር በጠራ ዓረብኛ ይራገማል። በ1974 አንዲት ፈረንሳዊት በፊልም ላይ «ፍቅረኛዬ» ያለችውን ሳንሱር ስለከለከለ፣ ኢንሳፍ «እጮኛዬ» ብለው ጻፉት። ፊልሙ ሹብራ ሲታይ ከሕዝቡ መሐል ተቀመጡ። ሰውየው በመጨረሻ ሴትዮዋን በፈገግታ ተሰናብቶ መርከብ ሲሳፈር አዳራሹ ተናወጠ።

«አንተ ወራዳ! ቀለበት አስረህ ወዴት ነው?»

«ወንድም የላትም እንዴ ይቺ ልጅ?»

«ለእጮኝነት የሰጠሽን ወርቅ እንዳትመልሺለት፣ እኅቴ!»

ኢንሳፍ ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው፣ «ነጻ የነበረችን ሴት በአንድ ቃል የተካደች አደረግኋት» አሏቸው።

«ተይ እንጂ! ሹብራ የሚያውቀው ያቺኛዋን፣ የተካደችውን ነው» አሉ ፋይዝ እየሳቁ።

«ያቺኛዋማ ጎረቤታችን ናት። ይቺኛዋ ግን ባሕር አቋርጣ ነው የመጣችው።»

ከዚያ ወዲህ ሳንሱር ያስወጣውን ቃል በሌላ መተካት ተዉ፤ ቦታውን ባዶ ይለቁት ነበር። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ከግርጌ ምንም የለም፤ ተመልካቹም በጨለማው ውስጥ እያንሾካሾከ የገዛ ራሱን ቃል ይሞላበታል። ያዩት ሰዎች እንደ ሕልም ነበር ይላሉ። አለቆቻቸው ስንፍና ነው ብለው ዕድገት ከለከሏቸው። በ2004 በዚያው ደረጃ ጡረታ ወጡ።

በሕመማቸው ሰሞን፣ ማስታገሻው ሲያደክማቸው፣ ከጠያቂዎቻቸው አገጭ በታች ነጭ ፊደላት ሲያልፉ ይታዩዋቸው ጀመር። ወንድማቸው ዋዲ፣ «ድነሽ በፋሲካ ማግስት እንደ ልማዳችን የበዓሉን ጨው ዓሣ አብረን እንበላለን» ሲሏቸው፣ ኢንሳፍ ፈገግ ብለው «ከሥር የተጻፈው ሌላ ነው፣ ዋዲዬ» ይሉ ነበር።

ኤፕሪል 11 ቀን 2019 ጎሕ ሲቀድ አረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጃቸው ኢሪኒ፣ የልጅ ልጃቸው ማሪዝና ወንድማቸው አሉ። በጨለማ ውስጥ ብርሃን ሲያነቡ ለኖሩት ነፍሳቸው፣ ጌታ ማታ የማይከተለውን ብርሃን ይስጥልን።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው እሑድ ኢሪኒ ከአልጋቸው አጠገብ ብቻዋን ነበረች።

«አንቺ ልጅ፣ ሐኪሙ ያለውን ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ንገሪኝ።»

«አጎቴ ይገድለኛል፣ እማዬ።»

«እሱን ለእኔ ተዪው። እኔን የሚገድለኝን ንገሪኝ።»

ኢሪኒ ነገረቻቸው። ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል፤ ሐኪሞቹ እጃቸውን ሰጥተዋል። ኢንሳፍ ዐይናቸውን ከልጃቸው አገጭ ሳያነሱ አዳመጡ።

«ከሥር ከተጻፈው ጋር ገጠመ» አሉ። «ነገ ቄሱን ጥሪልኝ። አሁን ውጪና ልተኛበት።»

ኢሪኒ ግንባራቸውን ስማ ወጣች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።