የዕቁቡ ዳኛ በፑንቶ ባንኮ ጠረጴዛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

በፑንቶ ባንኮ ጠረጴዛ የመጀመሪያ ቀኔ። ባካራት ማለት ነው፤ እዚህ ሮተርዳም እኔ የምሠራበት ካዚኖ ውስጥ እንዲህ ነው የሚሉት። ስድስት ሳምንት የሰለጠንኩት ለዚህ ነው? አንዱ ወገን ፑንቶ፣ ሌላው ባንኮ። ሰዉ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ገንዘቡን ያስይዛል። እኔ ለየወገኑ ሁለት ሁለት ካርድ አወጣለሁ፤ ለዘጠኝ የቀረበው ያሸንፋል። አንዳንዴ ሦስተኛ ካርድ ይጨመራል፣ እሱንም የሚወስነው ሕጉ ነው። ተጫዋቹ ምንም አይሠራም። ካርድ እንኳ አይነካም። ቁጭ ብሎ መጠበቅ... ይህንንም ጨዋታ ይሉታል!

አንድ ሽማግሌ ካርዱ ሳይገለጥ እፍ ይልበታል። ምራቁ እጄ ላይ። ሦስቴ ታጠብኩ።

እማዬ ከአምስተርዳም፣ ከቢልመር ደወለች። "ሆቴሉ እንዴት ነው? እንግዳ በዛ?" "በዛ" አልኳት። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ ብያታለሁ። የማኅበር ጓደኞቿም የሚያውቁት ያንኑ ነው። ቁማር ቤት መሆኔን ብትሰማ? አላስበውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ጋሽ ማንደፍሮ መጡ! የዕቁባችን ዳኛ። በየወሩ ዞተርሜር ቤታቸው ሰብስበው ዕጣ የሚያወጡልን፣ አርፍዶ የመጣውን ሰው ሁሉ ፊት የሚቆጡት ጋሽ ማንደፍሮ! በጠራራ ፀሐይ፣ ቤተ ክርስቲያን በሚለብሱት ኮት።

አዩኝ። ቀጥ አሉ። ከዚያ "ኹደሚዳኽ፣ ሜፍራው" ብለው ተቀመጡ። በደች! "እንደምን ዋልሽ፣ ወይዘሮ" እንደማለት። ኦፕራሲዮን ስሆን ሾርባ ይዘው ስኪዳም ቤቴ ድረስ የመጡት ሰው... "ሜፍራው" አሉኝ።

የምናውቀው እንግዳ ከመጣ ለአለቃ ተናግሮ ጠረጴዛ መቀየር ግዴታ ነው። ፈርሜበታለሁ። አልተናገርኩም። እኔ ካጋለጥኳቸው እሳቸውም ያጋልጡኛል፣ ወሬው እማዬ ጆሮ ይገባል። እሳቸውም የፈሩት የእኔን አፍ ነው መሰለኝ። ሳንነጋገር ተስማማን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አራተኛ ጊዜያቸው። ሌላ ጠረጴዛ ባዶ እያለ ሁልጊዜ የእኔ ጋ። ዛሬ ጎንበስ ብለው በአማርኛ "እጅሽ ገደኛ ነው፤ ይባረክ" አሉኝ። እረፍት ስወጣ እጄን እንደገና ታጠብኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከዛሬ ጀምሮ ደብተሬ ላይ አንቱታ የለም። ማንደፍሮ ነው፣ በቃ።

የሚያደርገው አሁን ገባኝ። ኪሱ ውስጥ ቁርጥራጭ ወረቀት አለ፣ ለዕቁብ ዕጣ ስማችንን የሚጽፍበት ዓይነት። ማን እንዳሸነፈ እየመዘገበ... ባንኮ አምስት ስድስቴ አከታትሎ ካሸነፈ ፑንቶ ላይ ይከምራል። ተበላ? እጥፍ። እንደገና ተበላ? ያንን እጥፍ። ለምን? አጠገቡ ለተቀመጠው የሱሪናም ሰው በተሰባበረ ደች ሲያስረዳው ሰማሁ። "ያልደረሰው ይደርሰዋል። ሁሉም ተራ አለው።"

ዕቁብ! ሰውዬው ዕቁብ ነው የሚጫወተው! ሃያ ዓመት ዕጣ ሲያወጣ ኖሮ... ዕቁብ ላይ አንዴ የወጣለት ሰው ስሙ ተመልሶ አይገባም፣ ስለዚህ የቀረው መድረሱ አይቀርም። እዚህ ግን ባንኮ አሁን አሸንፎ ቀጥሎም ያሸንፋል። ካርዱ ማን እንደበላ ምን ያውቃል? ይህን ማንም አልነገረውም?

እኔ ምን አገባኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ዘጠነኛ ጊዜው። ላብ ላብ ይሸታል። የትናንቱን ሸሚዝ አልቀየረም። አስጠላኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ባንኮ ስምንት ጊዜ አከታትሎ አሸነፈ። ማንደፍሮ የቀረውን ሁሉ ወደ ፑንቶ ገፋና የጋብቻ ቀለበቱን ማሽከርከር ጀመረ። ካርድ ላወጣ እጄን ዘርግቼ... አፌ አመለጠኝ።

"ጋሽ ማንደፍሮ፣ እዚህ ቤት ተራ የሚባል ነገር የለም። ዕቁብ አይደለም እኮ!"

ጠረጴዛ ላይ አማርኛ ክልክል ነው። ሁሉም አፈጠጠብኝ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ያስያዘውን ሰብስቦ ወጣ። አለቃዬ ጠራኝ። "ምን አልሽው? ታውቂዋለሽ?" "አላውቀውም። ያገሬ ሰው መስሎኝ ሰላም አልኩት።"

ፊቱን እያየሁ ዋሸሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ዞተርሜር፣ ዕቁብ። እማዬም መጥታለች። ዕጣው ሊወጣ ሲል ማንደፍሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ።

"አንድ የሚያሳፍር ጉዳይ ሰምቻለሁ። ከመካከላችን አንዷ ቁማር ቤት ካርድ ታወጣለች። የቁማር ገንዘብ ከእኛ ላብ ጋር ይቀላቀል? ሐምራዊት፣ ውሸት ነው በይ እስቲ!"

ቀደመኝ። ወራዳ! ካዚኖ የመጣበት እግር ሳይቀዘቅዝ... ወደ እማዬ መዞር አቃተኝ።

"እውነት ነው" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ከማን ሰማህ ያለው ሰው ግን የለም።

እትዬ ዓለምወርቅ፣ ገንዘብ ያዣችን፣ ነገሩ አልገባቸውም። "ምን ዓይነት ቁማር ነው ደግሞ?"

"ካርድ ይደመራል፣ ለዘጠኝ የቀረበ ያሸንፋል" አልኳቸው።

"ስምንትና ሰባት ቢወጣስ? ከዘጠኝ አለፈ አይደል?"

"አሥራ አምስት ሲሆን..." ብዬ ሳልጨርስ ማንደፍሮ ቀበል አደረገና፣

"አምስት ነው፤ አሥሩ ይጣላል" አለ።

ልማድ ነው፣ ሳያስበው ነው የወጣው። እትዬ ዓለምወርቅ ቀስ ብለው ዞሩ። "እርስዎ በምን አወቁት?"

ማንደፍሮ ዓይኑን ወደ ጓዳው መለሰ። ሚስቱ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ያን ጊዜ ነው ጣቱን ያየሁት፤ ቀለበቱ የለም። የዕቁቡ ገንዘብ እዚያው ተቆጠረ፣ ሙሉ ነው። የጨረሰው የራሱን ብቻ ነው... "ብቻ"! ዳኝነቱን ተነጠቀ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ምንም ደስ አላለኝም።

ባቡር ጣቢያ ከእማዬ ጋር ቆምን። እሷ በዩትሬክት በኩል፣ እኔ ወደ ዴንሃኽ። እሷ ናት የጀመረችው።

"ስንት ጊዜ መጡ?"

"አሥራ አንድ።"

"ስንት ጊዜ ተው... ይተዉ አልሻቸው?"

"አንዴ። የመጨረሻው ቀን።"

"ከዚያ በፊት ካርዱን ማን ነበር የሚያወጣላቸው?"

"እኔ።"

ባቡሯ መጣ። ሳትስመኝ ገባች።

የእሱን ላብ ስጸየፍ ወር ሞላኝ። የራሴ ምን ይሸታል?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ። "ያን እንግዳ አውቀዋለሁ። ረቡዕ ዋሽቼሃለሁ። አሥራ አንድ ጊዜ መጥቷል፣ አሥራ አንዱንም ያጫወትኩት እኔ ነኝ። ተራ ይደርሰኛል ብሎ ነው የሚጫወተው። በር ላይ አስቁሙትና አነጋግሩት።"

"ይሄ ነገር ሥራሽን ሊያሳጣሽ ይችላል" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

የሪፖርት ፎርም አወጣ። የጋሽ ማንደፍሮን ስም ፊደል በፊደል አስጻፍኩት። ከሥሩ የአጫዋቹ ስም የሚሞላበት ክፍት ቦታ ነበር። እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና ስሜን ራሴ ጻፍኩበት።