ጠመንጃው እንዳይዝግ

ይድረስ አምደወርቅ ከተማ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ለውዴ። ከነቤተሰብሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ሰቆጣ ደህና ነን፤ ዝናቡም በጊዜው ገብቷል።

አብሮ አደጌ ይግዛው የተበደረኝን ስምንት መቶ ብር ገበያ መሀል ብጠይቀው፣ «አንተ ምሁር፣ ዲግሪህን ቀቅለህ ብላ!» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። በዱላ ሁለት ጥርሱን አወለቅሁ። ሽማግሌዎች ካሳ አስከፈሉኝ። በዕርቁ ዕለት ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ላይ ብወድቅ፣ «ስምንት መቶውንም ከድንጋዩ ጋር አውርደው» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

አሁን በየማለዳው በደጄ እያፏጨ ያልፋል።

ባልሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአባታችንን ጠመንጃ ያመጣልሻል። ቤቴ እርጥበት ስላለው እንዳይዝግ ብዬ ነው። ጥይቶቹ አምስት ናቸው፤ ቆጥረሽ ተረከቢ። መጥቼ ብለምንሽም አትስጪኝ።

የአባታችን አምላክ በደህና ያገናኘን።

ወንድምሽ ዓለምነህ