ከጋቢ ሥር የሞቀ ፎርማ

ኅዳር 3፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ዛሬም የላስቲክ ትሉ ጭራ ጎደለ። ሦስተኛው ነው። የቀለጠውን ላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ፎርማ ውስጥ አፈስሳለሁ፤ እስከ ወገቡ ይሄድና ይረጋል። ትሉ ጉማጅ ሆኖ ይወጣል። ጭራ ከሌለው ውኃ ውስጥ አይወራጭም፤ ካልተወራጨ ዓሣው ምን ብሎ ይመጣል?

ማስታወሻዬ፣ ለምን እንደምደክም ልንገርህ። የአባዬ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዐምና ጉማራ ወንዝ ዳር ትል መንጠቆ ላይ መሰካት አቅቷቸው ጣታቸውን ወጉ። ከዚያ ወዲህ አልሄዱም። ባለፈው ሳምንት የማጥመጃ ክሩን ለጎረቤት ስጪው አሉኝ። እስከ ቅበላ ይታገሱኝ አልኩ። ጾም ከገባ ዓሣ በአፋቸው አይዞርም። የላስቲክ ትል ግን እኔ አንዴ ከሰካሁት ውሎ ያድራል፤ የሳቸው ሥራ መወርወር ብቻ።

ኅዳር 6
የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ዋልኩ። ሐሳቤ ፎርማው ላይ። የፎርማውን ሲሊኮን የገዛሁት ከምስማር መሸጫ ነው፤ ሻጩ የመስኮት ማሸጊያ ነው እኮ እያለ መከረኝ። ላስቲኩ ባሕር ዳር ጀልባ የሚነዳ ዘመዴ የሰጠኝ፣ ፈረንጅ አጥማጆች የጣሉት የትል ቁርጥራጭ ነው።

ልጅ ሳለሁ የትሉን ጣሳ የምይዘው እኔ ነበርኩ። እናቴ ሴት ልጅ ወንዝ ዳር ምን ትሠራለች ትላለች። አባዬ እጇ ገድ አለው ብለው ይዘውኝ ይወጣሉ። ያ ጊዜ ናፈቀኝ። የጣሳው ሽታ ሳይቀር።

ኅዳር 9፣ ወንዛዬ
ለጉልበታቸው ወደ ፍል ውኃው አመጣኋቸው። ፎርማውም ምድጃውም አብረው መጡ። ሊታጠብ የመጣው ሁሉ ወጥ የምሠራ መስሎታል። ፎርማውን እንዲሞቅ ፍል ውኃው ውስጥ ነከርኩት። ብልህ ነኝ ብዬ! የውኃ ጠብታ ቀርቶበት ኖሮ፣ ላስቲኩን ሳፈስስበት ተንጣጣና የእጄን አንጓ ለበለበኝ።

አባዬ ሣቁ። ዕድሜ ልካቸውን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሠሩ ሰው ናቸው። ሰም ቀዝቃዛ ሲነካ ደንግጦ ይቆማል፣ ላስቲክሽም እንደዚያው ነው፤ ግን ፎርማውን በደረቁ አሙቂው አሉ። ቀጥለው «ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉኝ። «እጄ እንጂ አፌ አልተንቀጠቀጠም» አሉ። አፈርኩ። እውነት ነው፤ ሳዝንላቸው ሰውየውን ረሳሁት።

ኅዳር 13፣ ጠዋት
አባዬ ፎርማውን ከጋቢያቸው ሥር፣ ሆዳቸው ላይ አደረጉት። እንደ ታቀፈች ዶሮ ተቀመጡ። እኔ ላስቲኩን አቀለጥኩ። እንደ ልጅነቴ በይ እያሉ ሲያዙኝ ደስ አለኝ። አውጥተው ሰጡኝ፤ ሞቋል። አፈሰስኩ። ሄደ። እስከ ጫፉ ሄደ።

ጭራው ሙሉ ነው። ቀጭን፣ ለስላሳ። አባዬ አገላብጠው አዩትና ሳሙት።

ኅዳር 14፣ ቅበላ
በሐሙሲት ሚኒባስ ጉማራ ድልድይ ወረድን። ሰካሁላቸው። ወረወሩ። እጃቸው ክሩን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ላግዝዎ ብዬ ክንዳቸውን ልይዝ ስል «ተይኝ፤ ውኃውን እይው» አሉ።

አየሁ። በእጃቸው ልክ ጭራው ይወራጫል። እኔ ብይዘው ኖሮ ዝም ብሎ ይሰምጥ ነበር። ክሩ ተገተረ። አምባዛ ዓሣ፣ ክንድ የሚያህል። እንባዬ መጣ፤ እሳቸውም አላፈሩም፣ አለቀሱ።

ማታ ጎረቤታችን ክሩን ሊወስድ መጣ። አባዬ ዓሣውን አብልተው ሸኙት። ክሩን ከጋቢያቸው ጎን ሰቅዬዋለሁ። ለገና ሌላ ትል እንሠራለን፤ እሳቸው ያሞቃሉ፣ እኔ አፈስሳለሁ።